አስራ አንድ ዓመት ተቀምጦ የተጫወተው ቤንጂ

በዚህ ምድር ላይ «እኔ ድሮ» የማይል ወንድ የለም። ካለም ገና ልጅ ነውና ጊዜ ስጡት። በከተማችን በመቱ ብቻ እንኳ ብንቆጥር፣ ድሮ ሊቀመንበር የነበረ፣ ድሮ ድምፁ ያለ ማይክ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ይሰማ የነበረ፣ ድሮ ሶር ፏፏቴ ሥር ዋኝቶ ማዶ የወጣ፣ ድሮ ሴቱ ሁሉ ዞሮ ያየው የነበረ ሞልቷል። ዛሬ ምን እንደሚሠሩ ብትጠይቋቸው ቅር ይላቸዋል። ዛሬ ለእነሱ በረንዳ ነው፤ መኖሪያቸው ድሮ ውስጥ ነው።

የእነዚህን ሰዎች ሁሉ አለቃ ግን እኔ አውቀዋለሁ። የመጣው ከፊሊፒንስ ነው። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ሁለት ዓመት ኖሯል። ክቡር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አቶ ቤንጂ ማግባኑዋ። ክቡር የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን፤ እንዴት እንደጨመርነው እነግራችኋለሁ።

ዓመቱ ትዝ አይለኝም። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ አገር መምህራን ያመጣበት ጊዜ ነው፤ ባጃጅ ገና እንዲህ መንገዱን ሳይሞላው። መምህሯ ሚስቱ ማሪሴል ናት፣ ሒሳብ ታስተምር ነበር። እሷ ጠዋት ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። እሱ ሥራ የለውም። ሥራው ድሮ ነው።

የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሊከራይ ነው ሲሉኝ የበሩን መቃን ላስነሳ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰውዬው ጎንበስ ሳይል ገባ። ከእኔ ቢበልጥ በአንድ ስንዝር ነው። ዓይኔን አይቶ ገባው መሰለኝ «እኔ ለአገሬ ረጅም ነኝ» አለኝ፣ ቋንቋውን ከለመደ በኋላ። ቋንቋውን ደግሞ አማርኛና ኦሮምኛውን ከገበያ ለቃቅሞ በአንድ ድስት ቀቅሎ ነው የሚናገረው። እኛም የምንናገረው እንደዚያው ስለሆነ አልተቸገርንም።

«እትዬ ወርቄ፣ ሁለት ሴኮንድ ቀርቶ ነበር» ብሎ ይጀምራል። ወርቅውሃ ማለት ከብዶታል። ዝናብ ሲጥል ይጀምራል፣ መብራት ሲጠፋ ይጀምራል፣ ቧንቧ ልቀዳ ስወጣ ጄሪካኑን ይቀበለኝና ይጀምራል። ሁለት ሴኮንድ ቀርቶ፣ አራቱ ጓደኞቹ በፋውል ወጥተው፣ አሰልጣኙ ሌላ ሰው አጥቶ፣ እሱን አስገባ። ኳሷ ስታመልጥ ስታመልጥ መጥታ እጁ ላይ አረፈች። ወረወረ። ገባች። ቡድኑ ለዋንጫ አለፈ።

«ዋንጫውንስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ለዋንጫው አላስገቡኝም» አለና ጄሪካኑን ይዞ ሄደ።

ማስረጃ አለው። ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ ነው፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚያኖረው። ፎቶው ላይ አንድ ረጅም ሰው አፉን ከፍቶ ይጮሃል። በዳር በኩል የሰው ክርን ይታያል። «ይኸ እኔ ነኝ» ይላል ክርኑ ላይ ጣቱን አድርጎ። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያንን ክርን ያውቀዋል። መንገድ ላይ ብናገኘው ሰላም እንለዋለን።

የነሱ ቡድኖች የከተማ ስም የላቸውም፤ የፋብሪካ ነው ስማቸው። መጀመሪያ የወተት ፋብሪካ ተጫዋች ነበር።

«ከዚያ ለቀለም ፋብሪካ ሰጡኝ» አለኝ።

«ሰጡኝ ማለት?»

«ለወጡኝ። እኔን ሰጥተው አንድ ረጅም ሰው ወሰዱ።»

«ሳይጠይቁህ?»

«በሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ ቁርስ እየበላሁ።»

ደነገጥኩ። እኛ ገበያ ላይ በሬ እንኳ ሲለወጥ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ያያል። ከቀለም ደግሞ ወደ ሳሙና፣ ከሳሙና ወደ ቆርቆሮ ዓሣ ለወጡት። ያን ቀን ምሳ ይዤለት ገባሁ። እሱ ግን የሚያዝን አይመስልም ነበር፤ «ጉልበቴ እሺ ቢለኝ ኖሮ አምስተኛ ፋብሪካም ነበረኝ» ይላል።

ድሮውን ይዞ የማይገባበት ቦታ የለም። በጌ ከግቢ ልትወጣ ስትል በር ላይ እጁን ዘርግቶ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ወዲያና ወዲህ እያለ ይከላከላታል። ያቺ በግ በስድስት ወር ውስጥ ማታለል ለመደች፤ በግራ የምትሄድ መስላ በቀኝ ታመልጠዋለች። እሱም ያጨበጭብላታል። ማር ልንገዛ በሚኒባስ ወደ ያዮ የሄድን ዕለት ደግሞ ተሳፋሪውን ሁሉ አሰለጠነው። ወፍራሟን ሴትዮ መሃል፣ ቄሱን ወደ ክንፍ፣ እኔን ከኋላ። ረዳቱ «ጋሼ፣ እኔ ሒሳብ ልቀበልበት ወይስ ኳስ ላቀብልበት?» አለው። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ማንም በማንም ላይ አልወደቀም፣ እውነቱን ለመናገር።

እንግዲህ ወደ ክብሩ ልምጣ። ማሪሴል «ጎረቤት ከሆንን እድር እንግባ» ብላ ተመዘገቡ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ነገራ ነው። ድሮ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ እስከ ዛሬ ሰውን እንደ ምስክር ነው የሚያነጋግረው። በስብሰባው ላይ ቤንጂን አስቆመው።

«ስንት ዓመት ተጫወቱ?»

«አስራ አንድ።»

«ቦታዎ የት ነበር?»

«አግዳሚ ወንበር ላይ። አሰልጣኙ አጠገብ።»

«ሌሎቹስ?»

«እነሱ ይሮጣሉ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

«አሰልጣኙ ያማክርዎት ነበር?»

«አንዳንዴ ‹ስንት ሰዓት ነው› ይለኛል።»

ጋሽ ነገራ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኛ ዞረ። «ሰማችሁ አይደል? ሌላው ላቡን ሲያፈስ ይኸ ሰው ይቀመጣል» አለ። እኛ አገር ሌላው ሲሯሯጥ የሚቀመጥ ማን እንደሆነ እናውቃለን። በሰርግ የሚቀመጠው፣ በለቅሶ የሚቀመጠው፣ ለዕርቅ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ይታወቃል። በአንድ ጊዜ ሁላችንም ከመቀመጫችን ከፍ ከፍ አልንለት። እኔም ብሆን «ለካ ትልቅ ሰው ነው ያከራየሁት» ብዬ ጫማዬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤንጂ ቆሞ አያውቅም። ለቅሶ ሲኖር የድንኳን ምሰሶ ሊያነሳ ጎንበስ ካለ ሦስት ሰው ይቀማዋል። «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ፣ ምን ሆነዋል» ይሉታል። በሽማግሌዎቹ መሃል ያስቀምጡትና ሰሃን እሱ ጋ ሳይደርስ አያልፍም። እሱም ይቀመጣል። ፊቱን ሳየው የኩራት ይመስለኝ ነበር። የሰው ፊት ማንበብ እችላለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ።

በጥር ወር የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የቅርጫት ኳስ ውድድር ተባለና የእኛ ከጎሬ ጋር ደረሰው። ጎሬ ራሷ «እኔ ድሮ» የምትል ከተማ ናት፤ አውራጃውም ጠቅላይ ግዛቱም ከእጄ ሄደ ብላ መቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም። የእኛን ቡድን የሚያሰለጥነው ደበሳ ነበር። ቤንጂን ግቢያችን ድረስ መጥቶ ጠራው። «ጋሽ ቤንጂ፣ እሑድ ያለ እርስዎ አይሆንም» አለው።

ቅዳሜ ማሪሴል ልብስ ታሰጣ ነበር። እኔ ደስታዬን ላካፍላት ብዬ «ነገ ባልሽን የት እንደምናስቀምጠው ብታዪ» አልኳት። «ጋሽ ነገራ ባለ መደገፊያውን ወንበር ከሳሎኑ ሊያስመጣ ነው። ጥላም አለ።»

የያዘችውን ሸሚዝ ሳታሰጣ ቆመች። «እትዬ፣ እሱ እኮ ጫማውን አጥቦ እያደረቀ ነው።»

«ለመቀመጥ ጫማ ይታጠባል እንዴ?»

«እኛ አገር የሚቀመጠው ያልተፈለገው ነው» አለች። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማውን አስሮ ‹ቤንጂ፣ ግባ› እስኪሉት ይጠብቃል። አይሉትም። እኔ ከተመልካች መሃል ሆኜ ጀርባውን አይ ነበር። አሁን ደበሳ ሲጠራው ሊያጫውተው መስሎታል። ሳምንቱን እንቅልፍ የለውም።»

«ታዲያ አፍ የለውም? ለምን አይናገርም?»

«እያከበሩት ምን ብሎ ይናገር? እንዲህ ያከበረው ሰው እኮ አልነበረም።»

ያ ሁሉ ለቅሶ ቤት፣ ያ ሁሉ ወንበር በአንድ ጊዜ ታየኝ። አፈርኩ። እኔም ስንት ጊዜ እጁን ይዤ አስቀምጬዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞላው። ቤንጂ ባለ መደገፊያው ላይ ተቀምጧል፣ ጥላ ከላዩ፣ አምቦ ውሃ ከጎኑ፣ ጋሽ ነገራ በቀኙ። ጎሬዎች ያስገባሉ፣ የእኛዎቹ ይተነፍሳሉ። እኔ ግን ጨዋታውን አላየሁም፤ ያንን የታጠበ ጫማ ነው ያየሁት። ደበሳ ወደ ተቀያሪዎች ዞር ባለ ቁጥር ጫማው መሬት ይቆነጥጣል፣ ቤንጂ ከወንበሩ ስንዝር ያህል ይነሳል፣ ደበሳ ሌላ ሰው ይጠራል፣ ቤንጂ ይመለሳል። ይኸን ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።

ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው በአስራ አምስት ነጥብ እየመሩን ነበር። ተነስቼ ደበሳ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

«ደበሳ፣ የእኔን ሰው አስገባው።»

«እትዬ ወርቅውሃ፣ እንግዳ አስሮጠን ሰው ምን ይለናል? ጋሽ ነገራስ?»

«አንተ ስትወለድ ያጠብኩህ እኔ ነኝ። ጋሽ ነገራ አይደለም።»

ደበሳ አንገቱን አከከ፣ የጎሬውን አሰልጣኝ በምልክት አስፈቀደው፣ ከዚያ ዞሮ «ጋሽ ቤንጂ» አለ፣ «ይግቡ።» ጃኬቱን መቼ እንዳወለቀው አላየሁም። ጋሽ ነገራ ጭን ላይ ነው ያገኘነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ቤንጂ ኳሷን ይዞ ሲገባ የጎሬ ልጆች መንገድ ለቀቁለት። በሙሉ። ሽማግሌ ሊያልፍ ነው ብለው ወዲያና ወዲህ ቆሙ። ዶሪ የሚባለው፣ ከሁሉም ግዙፉ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራሱን ዝቅ አደረገለት። ቅርጫቱ ባዶ ነው፣ ሕፃንም ያገባል። ቤንጂ አልወረወረም። ኳሷን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

«ሰው የት ነው?» አለ። «ያዙኝ እንጂ። ዶሪ፣ ኮቱ። ና።»

ሕዝቡ ሳቀ። ዶሪ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ጋሽ ነገራ ጃኬቱን ታቅፎ በጣቱ «ተው፣ እንዳትነካው» ይለዋል። ቤንጂ እዚያው ቆሟል። ፊቱ ልክ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደተቀመጠ ሰው ፊት ነበር፤ አሁን አነበብኩት።

እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ በአደባባይ ጮኼ አላውቅም። «አንተ ዶሪ!» አልኩ። «ምን ትገተራለህ፣ ግፋው እንጂ! ጣለው ብዬሃለሁ!»

ዶሪ የእናት ትእዛዝ መሰለው ይሆናል፣ መጣ። ቤንጂ ዘለለ፣ ዶሪም ዘለለ፣ አየር ላይ ተገናኙ። የእኔ ተከራይ እንደ ጆንያ ጀርባው ላይ አረፈ። ሜዳው ሁሉ ብድግ አለ። ማሪሴል አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቤንጂ ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ከንፈሩን በመዳፉ ጠረገ፣ ደሙን አየና ጥርሱ በሙሉ ታየ። ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው። አንዷ የቅርጫቱን ብረት መትታ ተመለሰች፣ አንዷ ገባች። ከዚያ በኋላ ጎሬዎች አልማሩትም፣ እሱም ሌላ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ አንዴም ዶሪን ጣለው። በአስራ ስድስት ነጥብ ተሸነፍን።

«እንግዳ አስደበደብሽ» አለኝ ጋሽ ነገራ ጃኬቱን እየሰጠኝ። ሁለት ሳምንት አላነጋገረኝም።

ባጃጅ ስንጠራለት እምቢ አለ። ጉልበቱ አብጦ አንድ ክንዱን ማሪሴል ትከሻ ላይ፣ አንዱን እኔ ላይ አድርጎ እያነከሰ ሄድን፣ እየሄደም ይተርክልኝ ጀመር። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ዶሪ ሁለት ሜትር ነበር። ገበያውን ስናልፍ ሁለት ሜትር ተኩል ሆነ። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ሌላ ዶሪ ተጨመረና ከግራና ከቀኝ ያዙት። ማሪሴል አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። እኔ ሁሉን ቆሜ አይቻለሁ፤ ያስመታሁትም እኔው ነኝ።

«እሺ» አልኩት፣ ክንዱን ትከሻዬ ላይ እያስተካከልኩ። «ከዚያስ?»