የቬንትሌተሯ አልጋ

ሥልጣን ሁሉ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ አልጋ ላይ የሚተኛም አለ። ጋምቤላ ላይ፣ ያውም በመጋቢት ሙቀት፣ ማን ከጣሪያ ቬንትሌተር ሥር እንደሚተኛ የሚወስን ሰው ቀላል ሰው አይደለም። ያ ሰው እኔ ነኝ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነኝ፤ ከደጋ ተመድቤ ስመጣ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፣ ይኸው አሥራ አራተኛዬን ይዣለሁ።

ስምንት አልጋ አለን። የምትሠራው ቬንትሌተር ግን አንዲት ናት፤ ከሥሯ ያለችው ደግሞ አራት ቁጥር አልጋ ናት። ገበያ ስወጣ ባለሱቁ ሰላምታውን የሚያረዝምልኝ፣ ባጃጁ ሳልጠራው የሚቆምልኝ ለመልኬ እንዳይመስላችሁ። ነገ አማቱ ትታመም ይሆናል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? እኔ እንኳ አልበላሁም፣ አስተኛሁ እንጂ።

አምና መምህር ኡጁሉ አንጀታቸው ታጥፎ መጡ። ልጄን ያስተማሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ ማንጎ ሲደርስ የመጀመሪያው ዘንቢል የሚመጣው ወደ እኔ ቤት ነው። ከኦፕራሲዮን ሲወጡ አራት ቁጥር ላይ የነበረው ሰውዬ ተሰናብቶ ገና ነጠላ ጫማውን ይፈልግ ነበር። አንሶላውን ገፈፍኩ፣ ንጹሕ አነጠፍኩ፣ መምህርን ከነፋሱ ሥር አስተኛኋቸው። ባለቤታቸው አርየት ሁለት እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ያን ቀን ራሴን ወደድኩት።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። አንቲባዮቲክ ለወጥን፤ ትኩሳቱ አልሰማም። ደግመን ለወጥን፤ ንቆን ዋለ። ደማቸው ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከና መልሱ መጣ፦ ፈንገስ ነው፣ ያውም እኛ ጋ ያለውን መድኃኒት የለመደ። እንግዲህ እኛ ፈንገስ የምናውቀው በእግር ጣት መሀል ሲያሳክክ፣ በቅባት ሲባረር ነው። ይኼኛው ደም ውስጥ ይገባል፤ አልጋና ፍራሽ ላይ ደግሞ ለሳምንታት ይቀመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሦስተኛ ጨምሩበት።

የሚያሸንፈው መድኃኒት ከአዲስ አበባ ተጠየቀ። መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም፤ መምህር ግን በየቀኑ ይመነምናሉ። አርየት ኮሪደር ላይ ጠብቃ "ሲስተር፣ መምህር ይሞታል?" አለችኝ። ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ መዝገቡ ሄድኩ።

መዝገቡን እንደው ስገልጥ እንዲህ ያለ እንቢተኛ ትኩሳት የነበራቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ድኖ ወጥቷል። ሌላዋን ቤተሰቦቿ ወስደው ቀብረዋታል። ሁለቱም የተኙት አራት ቁጥር ላይ ነው። የሴትዮዋ ስም ላይ ጣቴ ቀረ፤ ለእሷም ያቺን አልጋ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፣ ስለወደድኳት።

ለምን አራት ቁጥር ብቻ? ደንባችን ግልጽ ነው፦ ታማሚ ሲወጣ ፍራሹ በበረኪና ይታጠባል፣ ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እስከዚያ አልጋው ባዶ ይሆናል። ማንም የማይመኛቸው ሰባቱ አልጋዎች ተራቸውን ጠብቀው ይታጠባሉ። አራት ቁጥር ግን ባዶ ሆና አታውቅም፤ አንዱ ሲነሣ የምወደው ሌላ ሰው በር ላይ ቆሟል። ፍራሹን ገለበጥኩት። የላስቲክ ልባሱ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ጥሩ አድርጌ።

ፍራሹን አቃጠልነው። መምህርን ለብቻቸው ወደ ጥግ ክፍል ወሰድናቸው፤ እዚያ ነፋስ የለም፣ አርየት በካርቶን ስታራግብላቸው ትውላለች። መድኃኒቱ በተጠየቀ በዘጠነኛው ቀን በአውሮፕላን ደረሰ። ትኩሳቱም እየተግደረደረ ወረደ።

የሚወጡ ቀን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ፍራሹም፣ ስለ በረኪናውም፣ ስለ ራሴም።

"ሲስተር፣ እኔ አውቄ ነበር" አሉኝ። "ስነቃ ፍራሹ በጀርባዬ ሞቃት ነው፣ ረጥቧል። ይኼ የሌላ ሰው ላብ ነው አልኩ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"አንቺ በጣም ደስ ብሎሻል። እንዴት ብዬ ልናገር?"

ለፈንገስ ከዚህ የበለጠ ምን ሀገር አለ? እኔ በውለታ አነጠፍኩለት፣ እሳቸው በይሉኝታ ተኙለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ እንዲያውም ልጄን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ትናንት አንድ የቢሮ ሰው ደወለልኝ፤ አክስቱ ሊገቡ ነው፣ እባክሽን ከቬንትሌተሯ ሥር። "ይምጡ" አልኩት፣ "ግን የአራት ቁጥር አዲሱ ፍራሽ አሁን ታጥቦ ግቢ ፀሐይ ላይ ነው። እስኪደርቅ ጥግ ይተኛሉ።" እንደ እህት ያየኝ እንደነበር አስታውሶኝ ስልኩን ዘጋው። ወሬው ቀድሞኝ ከተማ ደርሶ ነው መሰለኝ ዛሬ ባጃጁም ሳያየኝ አለፈ። በዚያ ፀሐይ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ምን ይደረግ። ኩርፊያ መድኃኒት አለው።