ከጋሽ ብርሃነ ኳስ አይቀማም

እዚህ አገር ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር የለም። ቤት ልከራይ ብትሉ ክሬዲታችሁ ይጠየቃል፤ ሥራ ልግባ ብትሉ ልምዳችሁ፤ ሐኪም ልይ ብትሉ ኢንሹራንሳችሁ። በዚህ ሁሉ ጥያቄ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ በሩን ከፍቶ የኖረ ነገር አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለ። የእግር ኳስ ዋንጫ። ተጫዋቾቹ በሚሊዮን የሚከፈላቸው ክለብም፣ እሁድ እሁድ በየፓርኩ የሚራገጠው የሹፌሮችና የነርሶች ቡድንም ሊመዘገብበት የሚችል የአገር ዋንጫ። ማጣሪያውን ማለፍ ብቻ ነው። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ይህን የነገሩን ጋሽ ብርሃነ ናቸው። አስመራ ተወልደው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዱ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ክለባችንን ከመሠረቱት ሰዎች መካከል አብረውን የቀሩ ብቸኛው ሰው። የዚህ አገር ጡረተኛ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሳቸው ቤተ መጻሕፍት ገብተው የአሜሪካን እግር ኳስ ታሪክ ያጠምዳሉ። ልምምድ ጨርሰን ጫማችንን ስንፈታ ያስተምሩናል። የመጀመሪያዎቹ የዋንጫው ጀግኖች እነማን ይመስሏችኋል? የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች፣ መርከብ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎች። ስኮትላንዱ፣ ጀርመኑ፣ ሃንጋሪው፤ ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ደቅቆ ኳስ ሲያይ ነፍስ የሚዘራ ስደተኛ ሁሉ። ሊጉ ይቋቋማል፣ ይፈርሳል፣ በሌላ ስም ይመለሳል፤ ዋንጫው ግን አለ።

«ክለቦቹስ የት ገቡ ጋሼ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቻቸው ቤዝቦል ጀመሩ» አሉ።

ሁላችንም ዞር ብለን መኪና ውስጥ ስልክ ላይ ያቀረቀሩትን ልጆቻችንን አየን። ጋሽ ብርሃነ ቀጠሉ፤ «ስለዚህ ሳንጠፋ አንድ ጊዜ እንግባበት። ማጣሪያውን እንለፍና ከዚያ በኋላ ማንም ይብላን።» ከዚያን ቀን ጀምሮ የክለባችን ሐሳብ ሁሉ ይኸው ሆነ።

ክለባችን «ማዶ» ይባላል። ግማሾቻችን ከወንዙ ወዲህ ሚኒያፖሊስ፣ ግማሾቻችን ከወንዙ ወዲያ ሴንት ፖል ስለምንኖር ለአንዱ ሌላው ሁልጊዜ ማዶ ነው። እኔ ከሁለቱም ከተሞች ውጭ ካለችው ከኩን ራፒድስ ስለምመጣ ለሁሉም ማዶ ነኝ። አሰልጣኝ ያደረጉኝ በችሎታዬ እንዳይመስላችሁ። ቫን ስላለኝ ነው።

እንግዲህ ልማዳችንን ልንገራችሁ። በየእሁዱ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጋሽ ብርሃነ ይገባሉ። እሳቸው ሲገቡ የጨዋታው ጠባይ ይለወጣል። የእኛዎቹ ኳሷን እግራቸው ሥር አምጥተው አስቀምጠው «ይምቱ ጋሼ» ይሏቸዋል። ተጋጣሚዎቻችንም የስደተኛ ልጆች ስለሆኑ ታላቅ ያውቃሉ፤ ሊቀሟቸው እየበረሩ መጥተው አጠገባቸው ሲደርሱ እግራቸውን ሰብስበው ያሳልፏቸዋል። አንድ ጊዜማ የላይቤሪያዎቹ ክለብ የራሱን ሽማግሌ አስገባና ሁለቱ አዛውንቶች ሜዳው መሃል ኳሷን «እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ» በሚመስል ትሕትና ሲቀባበሉ፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ ቆሞ ተመለከተ። ዳኛውም አብሮን ቆሟል። ከጋሽ ብርሃነ ኳስ አይቀማም። የትም አልተጻፈም እንጂ ሕግ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት የማጣሪያው መጨረሻ ላይ ደረስን። እንዴት እንደደረስን ብዙ አትጠይቁኝ፤ ያሸነፍነው አለ፣ ሰው ጎድሎበት ሳይመጣ የቀረ ተጋጣሚም አለ። አሁን አንድ ጨዋታ ቀረን። «ብቻ» ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። ካሸነፍን ከእነዚያ ብረት ቀጥቃጮች ዋንጫ ገባን ማለት ነው። ተጋጣሚዎቻችን ደግሞ ከጎረቤታችን ከዊስኮንሲን ግዛት የመጡ፣ ኮሌጅ ከጨረሱ ብዙም ያልቆዩ ልጆች ናቸው። ሲያሟሙቁ እንኳ እኛ ስንጫወት ከምንሮጠው ፈጥነው ይሮጣሉ።

በዋንጫ ጨዋታ እንደ እሁዱ እየገቡ መውጣት የለም። ቅያሪው የተወሰነ ነው፤ የወጣ አይመለስም። ስለዚህ ቫኔን እየነዳሁ ስመጣ ቁርጡን ወስኜ ነበር። ዛሬ ጋሽ ብርሃነ አይገቡም። ለራሳቸው ምኞት ሲባል አይገቡም። ማንም ቢለምነኝ፣ ማንም ቢቆጣኝ፣ ንቅንቅ የለም!

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆነ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጎላችንን ያገባው ሙሉጌታ እያነከሰ መጣ። ሙሉጌታ ሆስፒታል ነርስ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው።

«ኮች፣ ደብል ሺፍት ሠርቼ ነው፤ እግሬ ክራምፕ አደረገ፤ ቀይረኝ!» አለኝ።

የቀረችኝ ቅያሪ አንዲት ናት። አግዳሚው ላይ ደግሞ ሁለት ሰው አለ፦ እንደ ንፋስ የሚሮጠው ናቲና ጋሽ ብርሃነ።

«እኔን ተወኝ ወደይ» አሉ ጋሽ ብርሃነ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዋንጫ ነው፤ ናቲን አስገባ።»

እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ደግሞም ጨዋታው ከመጀመሩ አንስቶ የጫማቸውን ክር ሲያስሩና ሲፈቱ አይቻለሁ። ልቤን አጠንክሬ ወደ ናቲ ዞርኩ። ናቲ ሚኒሶታ የተወለደ፣ አማርኛው ከሰላምታ የማያልፍ ልጅ ነው። ይሉኝታው ግን ሙሉ ነው።

«ኖ ዌይ ኮች» አለ። «ጋሼ ቁጭ ብሎ እኔ? ማይ ማም ዊል ኪል ሚ!»

እናቱም ከሜዳው ዳር ቆማ «ጋሼ! ጋሼ!» እያሉ ከሚጮኹት አንዷ ነበረች። ንቅንቅ የለም ያልኩት ሰውዬ ተነቃነቅሁ። ጋሽ ብርሃነ ገቡ።

ወዲያው ኳሷ ተሰጠቻቸው። ቀና ብለው አዩና እንደ ልማዳቸው ረጋ ብለው መንዳት ጀመሩ። የዊስኮንሲኑ ተከላካይ፣ ጸጉረ ቀይ ረጅም ልጅ፣ እየበረረ መጣ። አሁን ያቆማል አልን። አላቆመም። በሸርተቴ ገብቶ ኳሷን ንጥቅ አደረጋትና ጋሽ ብርሃነ ሣሩ ላይ ተዘረጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሌላ አገር ሰው ብነግር አያምነኝም። ቡድናችን በሙሉ ጨዋታውን ጥሎ ወደ ጋሽ ብርሃነ ሮጠ። ተከላካዮቹ ሮጡ። እኔም ዘልዬ ገባሁ። «እግዚአብሔር ያውጣዎት! ተረፉ ጋሼ?» የሚለው ጫጫታ ሜዳውን ሞላው። ራሳቸውን ደግፎ ቀና ያደረጋቸውን ሰው ሳየው ጓንት አጥልቋል። በረኛችን ነው!

ዳኛው አልነፋም። ለምን ይንፋ? ልጁ የነካው ኳሷን ብቻ ነው። ጋሽ ብርሃነ ከሥራችን «ልቀቁኝ! ኳሷን! ኳሷን ያዙ!» እያሉ ይታገሉናል፤ እኛ ደግሞ ሕመሙ ነው ያስጮኻቸው ብለን ይበልጥ አጥብቀን እንይዛቸዋለን። የዊስኮንሲን ልጆች ግራ እየገባቸው ኳሷን እየነዱ ሄደው ባዶ ጎል ውስጥ አስቀመጧት።

ዋንጫውም በዚያው አመለጠን።

ሲያልቅ ማናችንም ቀና ብለን ጋሽ ብርሃነን ማየት አልቻልንም። በሕይወታቸው አንድ ነገር ተመኙ፣ እሱንም በአክብሮታችን ገደልንባቸው። ልጁ መጥቶ «ሶሪ ሰር፣ አር ዩ ኦኬ?» አላቸው። እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉ።

«ኖ ሶሪ! ጉድ ታክል! ቬሪ ጉድ!» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስታሳልፉኝ ኖራችሁ» አሉ። «ይህ ልጅ ግን ተጫዋች ነው ብሎ ቀማኝ።»

  ሁሉንም በቫኔ ጭኜ ወንዙን ተሻገርን። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ለሚቀጥለው ማጣሪያ ተመዝግበናል። ሽንፈት የጠላ ስደተኛ መጀመሪያውኑ ሚኒሶታ አይመጣም። ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ጋሽ ብርሃነ ኳሷን እየነዱ ወደ እኔ መጡ። እግሬ በልማዱ ሊሰበሰብ ሲል ተቆጣሁትና ቀማኋቸው። ተንገዳግደው በጉልበታቸው ወደቁ። ላነሣቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ኳሷን!» ብለው ጮኹብኝ።

ይዣት ሮጥኩ። ከኋላዬ እየሮጡ ሲያሳድዱኝ እግራቸውን ሰማሁት።