ድምፅ ይዞ መግባት ክልክል ነው

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በመንግሥት የሥራ ሰዓት፣ ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ከእኔ ጋር የሕፃናት ማንበቢያ ክፍል ውስጥ ይዋል። ዝምታው ራሱ ያስተኛል።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ምን እያሰብኩ ተኝቼ እንደነበር ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ። የከተማችንን የሕፃናት ማንበቢያ ክፍል የምጠብቀው እኔ ነኝ። ክፍሏ ትንሽ ናት። አንድ ምንጣፍ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ወንበሮችና የብዙ ልጅ እጅ ያለፈባቸው መጻሕፍት አሏት። ሕጓም አጭር ነው፦ ጫማ ደጅ ይቀራል፣ የገባ ሁሉ ያነባል፣ ማንበብ ያልቻለ ሥዕል ያያል፣ የሚያወራ ይወጣል። ይህን ሕግ ሳስከብር ብዙ ዓመት በሹክሹክታ ስለኖርኩ ድምፄ እዚያው ቀረ። ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ስጠይቅ ሻጯ "አሞሻል እንዴ እህቴ?" ትለኛለች። ባለቤቴማ ስልክ ስደውልለት "ኔትወርክ የለም" ብሎ ይዘጋብኛል።

ታዲያ ይቺን ክፍል የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ደመላሽ የስብሰባና የሥልጠና አዳራሽ ሊያደርጓት አሰቡ። አቶ ደመላሽ ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸው ብቻ ነው ከእሳቸው ቀድሞ ቢሮ የሚገባው። "ተቃውሞ ያለው ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ቀርቦ ያስረዳ!" አሉ። ተቃውሞ ያለኝ እኔ ነኝ። ቀርቦ ማስረዳት የማልችለውም እኔው ነኝ። ስለዚህ "የአቀራረብ፣ የተግባቦትና ተጽዕኖ የመፍጠር ክህሎት" የሚባለውን ሥልጠና ለምኜ ገባሁ። አሠልጣኙ ናሆም የሚባል ፈገግታው ከፊቱ የማይወርድ ወጣት ነው።

"እትዬ አስካለ፣ ድምፅ ከጉሮሮ አይደለም የሚወጣው፣ ከሆድ ነው" አለኝ በሰው ፊት።

ከሆዴ ለማውጣት ታገልኩ። ቁርስ ስላልበላሁ የወጣው የአንጀቴ ጩኸት ነበር። ሠልጣኙ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ ድረስ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ለመጨረሻ ጊዜ ላነበው ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል አንድ ትልቅ አዳራሽ በር ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ላይ "ድምፅ ይዞ መግባት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዘበኛው የሚገባውን ሰው ሁሉ ይፈትሽ ነበር። የሚፈትሸው ኪስ አይደለም፣ አፍ ነው።

"ድምፅ ይዘዋል?" አለኝ።

"ትንሽ" አልኩት።

አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየ። "ይቺማ ምን አላት። ይዘዋት ይግቡ።"

ከአጥሩ ሥር የተከለከሉት ድምፆች በገመድ ታስረው ቆመዋል። የአቶ ደመላሽ ድምፅ ከሁሉም ይገዝፋል። እንደ ሰንጋ በአፍንጫው እየተነፈሰ የታሰረበትን ግንድ ይነቀንቀው ነበር። አቶ ደመላሽ ራሳቸው አጠገቡ ቆመው ሣር ያበሉታል። ያለ ድምፃቸው ቀጭን ሰው ናቸው፣ ኮታቸውም ይሰፋቸዋል። ሰላም ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እጃቸውን አወዛወዙልኝ። አንጀቴን በሉት።

ገባሁ። ውስጡ የእኔው ማንበቢያ ክፍል ሆኖ አገኘሁት፣ ግን ተገልብጧል። ምንጣፉ ጣራው ላይ ተነጥፏል። ወንበሮቹ ላይ መጻሕፍት ተቀምጠው፣ መደርደሪያው ላይ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች በጎናቸው ተሰክተዋል። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ያነጥሳል። በእኔ ጠረጴዛ ላይ መነጽሬን አድርጋ፣ ነጠላዬን ተከናንባ ረውዳ ተቀምጣለች። ረውዳ በእውኑ ዓለም የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ የክፍሌ ታማኝ ደንበኛ። በሕልሙ ግን አለቃ ነበረች።

አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት እየተንገዳገደ ወደ እሷ መጣና በሽፋኑ ጠርዝ ወደ እኔ ጠቆመ።

"ይቺን ሴትዮ መዋስ ፈልጌ ነበር" አላት።

"አንብበህ ትመልሳታለህ?"

"ስለ ምንድን ናት?"

"ዝም ስለማለት" አለች ረውዳ። "መሐሉ ላይ ታስለቅሳለች። ጠርዟን እንዳታጥፍ።"

ግንባሬ ላይ ማኅተም መታችብኝ። መዝገበ ቃላቱ ገልጦ አየኝና "ውይ፣ ውስጧ ስንት ተጽፏል! ምነው ሽፋኗ ላይ ምንም የለም?" አለ። ሰው እንዲህ ብሎኝ ስለማያውቅ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በብብቱ ይዞኝ ወጣ። ከተማው ጸጥ ብሏል። የታክሲ ረዳቶች በሹክሹክታ ይጣራሉ፤ ተሳፋሪው ጆሮውን አፋቸው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ኃላፊዎች ፋይላቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

"ባለጉዳይዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ" አለ አንድ ሊስትሮ በመስኮት ብቅ ብሎ። ኃላፊዎቹ "እሺ ጌታዬ" ብለው ሄዱ።

ጥጉን ስንታጠፍ ተመልሰን እዚያው የተገለበጠው ክፍል ውስጥ፣ ስብሰባው መሐል ደረስን። እዚያ የሚቀድመው ጭብጨባው ነበር። መጀመሪያ ሁሉም አጨበጨበ፣ ከዚያ እጅ ማውጣት ተጀመረ።

"የማዳመጥ ዕድል ይሰጠኝ!"

"እኔም ሁለት የማዳምጣቸው ነጥቦች አሉኝ!"

"እባካችሁ አጠር አድርጋችሁ አዳምጡ" አሉ ሰብሳቢው፣ "ሌሎችም ማዳመጥ ይፈልጋሉ።"

አንዲት ሴትዮ ተነሥታ "ከእኔ በፊት ያዳመጡት ወንድሜ በሚገባ ስላዳመጡት እኔ የምጨምረው የለኝም" ብላ ጆሮዋን በሻርፕ ሸፍና ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስላይዶች እኛን ቁልቁል ያዩናል። አንዱ ስላይድ ለጓደኛው "ሰው በዛ፣ አይነበብም" አለው።

አሠልጣኙ ናሆም ጣራው ምንጣፍ ላይ ቁልቁል ቆሞ ነበር። ፈገግታውን አውልቆ ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ፊቱ ደክሟል፣ ደግሞም ልጅ ነው።

"እትዬ አስካለ" አለኝ በቀስታ፣ "እኔም እኮ ሰው ፊት ስቆም መሸሽ ያምረኛል። ፈገግታው ፍርሃት ነው።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ" አልኩት። ለካ አውቅ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ማይክራፎኑ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጠበቀኝ። ወረቀቴን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። "የንባብ ባህልን ከማጎልበት አኳያ፣ ብቁ ትውልድን በመቅረጽ ረገድ ካለው ዘርፈ ብዙ ፋይዳ አንጻር..." ገና ሳልጨርስ ቃላቱ ከወረቀቱ እየተነሡ፣ ቦርሳቸውን እያነገቱ ወደ በሩ ሄዱ።

"ኧረ የት ትሄዳላችሁ?" አልኳቸው።

"ሌላ ስብሰባ አለብን" አለኝ "ዘርፈ ብዙ" ሰዓቱን እያየ።

ወረቀቱ ባዶ ሆነ። ማይክራፎኑ "ሄዱልሽ፣ ተገላገልሽ" አለኝ። "በይ አሁን የራስሽን ንገሪኝ። ጩኸት አልሰማም፣ ሹክሹክታ ግን ሰምቼ አልጠግብም።"

እኔም ሹክ አልኩት።

"ረውዳ የምትባል ልጅ አለች። ቤታቸው ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነው፣ አባቷም እዚያው እህል ይፈጫሉ። እዚያ ቤት 'ውኃ አምጪ'ም 'ነይ ልሳምሽ'ም የሚባለው በጩኸት ነው። መጀመሪያ የመጣች ቀን መጽሐፍ አልጠየቀችኝም። ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመችና 'እዚህ ዝም ማለት ይቻላል?' አለችኝ። 'ይቻላል' አልኳት። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ምን እያደረግሽ ነው ስላት 'ራሴን እየሰማሁ' አለች። መጽሐፍ ያነሣችው ከስንት ቀን በኋላ ነው። አሁን ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴም ብቻዋን ትስቃለች። እናንተ የምትሰበሰቡበት ቦታ አታጡም። እሷ ግን ዝም የምትልበት ሌላ ቦታ የላትም። በቃ፣ ይኸው ነው።"

ማይክራፎኑ ሹክሹክታዬን ወስዶ ጣራ አሳከለው። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። ወንበሮቹ ሳይቀሩ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ከውጭ የታሰሩት ድምፆች ገመዳቸውን በጥሰው፣ ኮቴያቸው ሳይሰማ፣ አንድ በአንድ ገቡ። ያ የአቶ ደመላሽ ሰንጋ እግሬ ሥር መጥቶ እንደ ጥጃ ተጋደመ። ጆሮውን ዳበስኩለት። ሞቃት ነበር።

አቶ ደመላሽ በካልሲያቸው ተከትለውት መጡ። ቀጭን፣ አዲስ ድምፅ በጉሮሯቸው በቅሎ ነበር።

"አስካለ" አሉኝ፣ "እኔም ልጅ ሆኜ ዝም ማለት እወድ ነበር። አለቃ ከሆንኩ በኋላ ግን ዝም ካልኩ የማላውቅ መስዬ እንዳልታይ እፈራለሁ።"

"እዚህ ዝም ማለት ይቻላል። ይቀመጡ" አልኳቸው።

በትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ታዲያ ክፍሉስ?" አልኳቸው።

"ክፍሉንማ..." ብለው አፋቸውን ከፈቱ። በቃል ፋንታ የብረት ሜትር ወጣ። ክርርርር እያለ ረዘመ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘረጋ።

ባነንኩ።

ጉንጬ ጽሑፌ ላይ ተጣብቋል። የግድግዳው ሰዓት ዐሥር ተኩል ይላል። ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

ነጠላዬን አንድ ሰው ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎልኛል። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ያነባሉ፤ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ረውዳ በሩ ላይ ቆማለች፣ አንድ የብረት ሜትር በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋ።

"ደክሞሽ ነበር እትዬ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ማንም እንዳይቀሰቅስሽ ብዬ ሁሉንም ዝም አሰኘኋቸው። ይሄኛውንም ሰውዬ፣ ክርርር ሲያደርግ ሜትሩን ቀማሁት።"

ልቆጣትም ልስማትም አሰብኩና ሁለቱም አቃተኝ። ዞር ስል አቶ ደመላሽ በትንሿ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ተቃርቦ፣ የአንዲት ጉማሬ ታሪክ ያለበት የሥዕል መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ጫማቸው ደጅ ነው። ከካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ብቅ ብሏል። ከጎናቸው ሁለት መሐንዲሶች እንደዚሁ ተኮራምተው ያነባሉ።

"አቶ ደመላሽ፣ ስብሰባው?" አልኳቸው።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። እሳቸው ሲያንሾካሽኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። "አለቀ። አንቺ ስላልመጣሽ ተቃውሞ የለም ተብሎ ጸደቀ። ክፍሉን ልንለካ ነበር የመጣነው።" ረውዳን በፍርሃት ሰረቅ አድርገው አዩዋት። "ይቺ ልጅ ግን 'ጫማዎን ያውልቁ ጋሼ፣ የገባ ያነባል' አለችን። ይኸው ቆየን።"

ጸደቀ። ያን ሁሉ ሥልጠና፣ ያን ሁሉ ለቅሶ፣ ያን ሁሉ ልምምድ ተኝቼበት ጸደቀ። ረውዳ ሜትሩን አጥብቃ እንዳቀፈች ታየኛለች። ያኔ አንድ ነገር ከታች ተነሣ። ናሆም እውነቱን ነው ለካ፣ ከሆድ ነው የሚወጣው።

"ክፍሉን አልሰጥም!!"

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ውጭ ያለ ውሻ ጮኸ። የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ነው።

"ሽሽሽሽ!" አሉኝ ልጆቹ ባንድነት። "ሽሽሽ!" አሉ መሐንዲሶቹ። አቶ ደመላሽም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ቅንድባቸውን ቋጥረው ገሠጹኝ። ከዚያ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው፣ ጉማሬዋ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ለማየት ገጹን ገለጡ።