ክቡር ይቺን ብቻ እና የሹፌሩ ፊት

በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ይቺን ብቻ» አይጠፋም። ሰው ሁሉ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ሲቆም እሱ ገና መስተዋት ፊት ነው። ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ ሲገባ እሱ የዘጋውን ሻንጣ እንደገና ይከፍታል። «ኧረ እንሂድ!» ሲሉት መልሱ ያው ነው፤ «መጣሁ፣ ይቺን ብቻ።» ይቺ የተባለችው ነገር ደግሞ አልቃ አታውቅም።

በአንዲት አነስተኛ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዙት ሰዓሊው ናቸው። በእውነተኛ ስማቸው የሚጠሯቸው እናታቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ለባልደረቦቻቸው ክቡር ይቺን ብቻ ናቸው። ክቡርነታቸው በወረቀት አይሥሉም። ጠረጴዛቸው ላይ የተጋደመ ሰፊ ስክሪን አለ፣ እሱ ላይ በዲጂታል ብዕር ይሠራሉ። ብዕሩን ጫን ሲያደርጉት መስመሩ ይወፍራል፣ ላላ ሲያደርጉት ይቀጥናል። ቀኝ እጃቸው ይሥላል፣ ግራ እጃቸው ያፈርሳል። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ኮንትሮል ዜድ ላይ፣ ማለትም የተሠራውን መልሰው በሚያጠፉት ቁልፎች ላይ፣ በቅለው ቀርተዋል። የዜድ ፊደል ከቁልፉ ላይ ተፍቆ ከጠፋ ቆየ።

ክብሩን እዚህ ላይ እናቆየውና፣ አንድ ቀን ይሄ ሰውዬ የድመት ጭራ ሲሥል ዋለ። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ቆም ብላ «እንዴት ታምራለች!» ብላ አለፈች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ድመቷ ጭራ የላትም። ምነው ምን አደረገችህ ብላ ከልቧ አዘነች። «መስመሩ ይዋሻል፣ እትዬ» አላት፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ።

በሥራ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! የሒሳብ ሠራተኛዋ የወለደች ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል፣ ያጠፋል፤ መልእክቱ ሲደርሳት ልጁ ዳዴ ማለት ጀምሮ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ቤትም «ከጆሮዬ በላይ ይቺን ብቻ»፣ «ከኋላ በኩል ይቺን ብቻ» ሲል ሲል መላጣውን ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ እስከ ዛሬ ከሩቅ ሲያየው መጋረጃ ይስባል።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ነገር ፈጽሞ አይሆንለትም፤ ውሸት። ሌላው ሲዘገይ መብራት ጠፋ ይላል፣ አሞኝ ነበር ይላል። እሱ «አላለቀም» ይልና ዝም ነው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ደውለው ሲቆጡት «አላለቀም፣ ጋሼ» ብሎ ስልኩን እንደያዘ ይቀመጣል። ሰውየው መስመር ላይ ሆነው «ምናለ እንደ ሰው ቢዋሸኝ!» ብለው የተማረሩበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ በቅርብ የምታየውና በቅርብ የምትቃጠለው አርታኢዋ ናት። ጠረጴዛዋ ከእሱ ፊት ለፊት ነው። ዕድሜዋን የሰው ጽሑፍ ስታቃና ኖራ፣ አሁን ገና የራሷን መጽሐፍ ጻፈች። መጽሐፉ አርፍደው የሚሮጡ ተሳፋሪዎችን ስለሚጠብቅ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ሹፌሩ አባቷ ናቸው። ከሞቱ ቆይተዋል። ቤት የቀሩት ፎቶዎች ሁሉ ለመታወቂያ የተነሷቸው ናቸው፤ በሁሉም ግንባራቸው ተቋጥሯል፣ አፋቸው ተጣብቋል። እናቷ ፎቶዎቹን ባዩ ቁጥር «ይሄ እሱ አይደለም» ብለው መልሰው ያስቀምጧቸዋል። አርታኢዋ መጽሐፉን የጻፈችው እናቷ አንድ ቀን «እሱ ነው» እንዲሉላት ነበር።

ገጾቹ ሁሉ አልቀው አንድ ቀረ፤ ሹፌሩ በመስተዋት ውስጥ የሚታይበት የመጨረሻው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊም ቁርጡን ተናገሩ። እስከ ምሳ ሰዓት ካልተላከ ማሽኑ ላይ ሌላ ሥራ ይጫናል፣ ተራው ተመልሶ የሚመጣው ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ማን ይገዛዋል፣ ማን ያነበዋል?

የዚያን ዕለት ጠዋት አርታኢዋ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን ታያለች። ፊት ይመጣል፣ ፊት ይጠፋል። አንዱ በጣም ቆንጆ ነበር፤ ግን እሱም ሄደ። ትዕግሥቷ አለቀና ወንበሯን እየጎተተች አጠገቡ ተቀመጠች። የቅድሙ ምን ጎደለው ስትለው መስመሩ ይዋሻል አላት። ልትጮህበት አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ሰው ሲጠብቅ ወይ ይቆጣል ወይ ይታገሣል። ሁለቱንም ሣልኳቸው። ይሄ ሰውዬ ሁለቱንም አይደለም። ታውቂዋለሽ እንዴ?»

አርታኢዋ ቀስ ብላ፣ «አባዬ ነው» አለች።

ሰዓሊውም ባዶ ገጽ ከፈተ። እሷም ነገረችው። አባቷ ሰው ሲሮጥ ካዩ ሞተሩ እንቢ ያላቸው ያስመስሉ ነበር። ቁልፉን ያዞራሉ፣ ማርሹን ይነካካሉ፣ አንገታቸውን እያከኩ ይሄ መኪና ደግሞ ብለው ያጉረመርማሉ። ሰውየው እያለከለከ ሲገባ «እንኳን መጣህ፣ ሞተሩ አስቸግሮኝ ነው» ይሉታል። ያረፈደው እንዳያፍር ነው። ሞተሩ ምንም እንደሌለው ተሳፋሪው በሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አይልም።

እሷ ስታወራ ብዕሩ ሄደ። ቅንድቡ ላይ ጫን አለ፣ በአፍንጫው ላላ ብሎ ወረደ፣ ሳቅ የደበቀ ከንፈር ላይ ደርሶ ቀጠነ። ዓይኑ ወደ ማርሹ ቢያቀረቅርም በጠርዙ መስተዋቱን ሰርቆ ያያል። የሰዓሊው ግራ እጅ ደግሞ ቁልፎቹ ላይ አልነበረም። ሳያውቀው የገዛ አንገቱን እያከከ ነበር።

«አለቀ» አለ ሰዓሊው።

የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን እንደያዘች ቆመች። ይህ ቃል ከዚያ ጠረጴዛ ወጥቶ አያውቅም።

አርታኢዋ ስክሪኑን ስታይ እንባዋ መጣ። «ይሄ እሱ ነው» አለች በለሆሳስ። ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነበር። የቀረው መላክ ብቻ ነው፤ ላከው ትላለች ብለው ሰዓሊውም የጽዳት ሠራተኛዋም ጠበቁ።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ጆሮው ትንሽ ገፋ ያለ ነበር። ይቺን ብቻ።»

ጆሮውን ገፋ አደረገላት። ከዚያ የፂሙ ነገር መጣ፤ ይቺን ብቻ። ከዚያ ከዓይኑ ሥር ያለችው መስመር፤ እሷን ብቻ። ገጹ ከተላከ አባቷ የሚሄዱባት መሰላት፣ ስንት ዘመን ፈልጋ ያገኘቻቸውን ሰው ቶሎ መሸኘት አልሆነላትም። እንዲህ እያለች ስልኩ ጮኸ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ሰዓቱን አየች፣ ምሳ ሰዓት አልፏል። ስንት ጊዜ የጮኸችበት ሰው ፊት አሁን ያረፈደችው እሷ ናት። ፊቷ ቀላ።

ሰዓሊው ስልኩን ቀድሟት አነሣ። እሷን አላያትም፤ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ ገመዶች አቀርቅሮ አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እንቢ ብሎኝ ነው» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ስለተዋሹ ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ በል ቶሎ በል፣ ሌላ ሥራ አልጭንም አሉት። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ መወልወሏ ተመለሰች፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ስልኩን ዘግቶ ብዕሩን አነሣ።

«ኮሌታውስ እንዴት ነበር?» አላት።