የእድሩ ቀመር

ሰው ሒሳብን ለምን እንደሚፈራ አሁን ገና ገባኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን "ምን ያስፈራችኋል? ቁጥር ይናከሳል እንዴ?" እያልኩ ስቀልድ ኖሬያለሁ። ይናከሳል፣ ወዳጄ።

ሆሳዕና ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። እኩል እየጨመሩ ስለሚሄዱ ቁጥሮች ተምረን ስንጨርስ፣ ከሰፈራችሁ እንዲህ ያለ የቁጥር ሰልፍ ፈልጉና ጄነራል ተርሙን አውጡ ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ጄነራል ተርም ማለት፣ አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ የፈለጉትን ተራ የሚያወጣ ቀመር ነው። ሌሎቹ የወንበር ረድፍ፣ የደረጃ ቁመት ምናምን ይዘው መጡ። የጎረቤቴ ልጅ ምሕረት ግን ሦስት፣ አሥር፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ አራት ብላ ጽፋለች። ቀመሩንም አልሳተችም፤ ተራውን በሰባት አባዝቶ አራት መቀነስ ነው። ከየት አመጣሽው ብላት፣ አባቷ የእድራችን ጸሐፊ አይደል፣ ከመዝገቡ ገልብጣው ኖሯል። ዘንድሮ የለቅሶ ድንኳን የተተከለባቸው ቤቶች የአባልነት ቁጥር ነው፤ ያውም በየተራቸው።

ቀጣዩ ሠላሳ አንድ ነው። ሠላሳ አንድ ቁጥር ማን ነው? እኔ ነኛ!

በአራት ቁጥር ሕግ አይወጣም፣ አምስተኛው የፈለገውን ሊሆን ይችላል ብዬ ለክፍሉ አስረዳሁ። እውነትም ነው። ፍርሃቴ ግን ይህን ትምህርት አልተማረም። እቤት እማዬ አለች፤ ከሆመቾ ለሕክምና ካመጣኋት ወር ሆኗታል። ስታስል ልቤ ድንግጥ ይላል። ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል፤ ተነስቼ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

በእድራችን ሥራ የሚከፋፈለው በቁጥር ነው። እስከ አርባ ያለው ለቀስተኛ ይቀበላል፤ ከዚያ በላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። አቶ ኤርሲዶ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ሃምሳ ሁለት ቁጥር ነበሩ። ወገባቸውን እያመማቸው ወንበር ይሸከማሉ። ሄድኩና፣ አባባ፣ ቁጥር እንለዋወጥ፣ ወንበሩን እኔ ልሸከምልዎ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እንዳንተ ያለ ሰው አሁንም አለ? ጌታ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ!"

አሜን ስል ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ጸሐፊውም በዚያው ቀን መዝገቡን አስተካከለ።

በሳምንቱ ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። እማዬ ከውስጥ በሀዲይሳ ማን ሞተ ብላ ስትጠይቅ፣ ድምጿን ሰምቼ ጌታን አመሰገንኩ። ከዚያ የሟቹ ስም ተጠራ። አቶ ኤርሲዶ።

ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያማቸውም ነበር ይላል ሰው። እኔ ግን አፈርኩ፤ ፈራሁም። ወንበሩን ሁሉ ማለት ይቻላል ብቻዬን አመላለስኩ። ለቀስተኛው ምን ዓይነት ደግ አስተማሪ ነው እያለ ያመሰግነኛል። ምስጋናው ከወንበሩ ይከብድ ነበር።

ምሕረት ድንኳኑ ጥግ አገኘችኝ። ቁጥር መለዋወጣችንን ከአባቷ ሰምታለች።

"ቲቸር፣ ሃምሳ ሁለትን ግን አስልተውታል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

እዚያው ቆሜ አሰላሁ። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት። አራት ሲቀነስ... ወንበሩ ከእጄ ወደቀ። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት ሰውዬ ከሰልፉ ያመለጥኩ መስሎኝ፣ ለካ ስምንተኛ ሆኜ ተሰልፌያለሁ!

አሁን ከእኔ በፊት ሁለት ቤት ቀርቷል፤ ሠላሳ ስምንት ቁጥርና አርባ አምስት ቁጥር። በሰፈሩ እንደኔ ለጎረቤት ጤና የሚጨነቅ ሰው ካለ አሳዩኝ። የሠላሳ ስምንቷን ወይዘሮ ደም ግፊት በየሳምንቱ አስለካለሁ። አርባ አምስት ሞተር ሳይክል ይነዳል፤ እግሩ ላይ ወድቄ ሄልሜት አስደረግኩት። ሁለቱም ሲያገኙኝ ዕድሜ ይስጥህ እያሉ ይመርቁኛል።

"የለም የለም፣ መጀመሪያ ለእናንተ!" እላቸዋለሁ። ከልቤ ነው።