ምስጉን፣ ተስፈኛ፣ ይቅር የምትባል

ሰኞ ጠዋት፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ በሚያዳምጥበት፣ የሴቶች ልብስ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ ቀሚስ ከእንግዲህ በቁጥር እንደማይጠራ በይፋ አስታወቁ። ቁጥር ርኅራኄ የለውም። ሦስት ወንዶች ያሉበት ኮሚቴ አራት ወር ሙሉ መክሮ የሴትን ክብር የሚመጥኑ ስሞች አግኝቷል፤ ለጠባቡ «ምስጉን»፣ ለመካከለኛው «ተስፈኛ»፣ ለሰፊው «ይቅር የምትባል»።

መመሪያው ሁለት አንቀጽ ነበረው። አንደኛ፣ ስፌት ክፍል ገብቶ ከቀድሞው ሰፋ ተደርጎ የሚወጣ ማናቸውም ልብስ፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ «ይቅር የምትባል» የሚል መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ከአንገቱ ሥር በገበሩ በኩል ይሰፋበታል። ሁለተኛ፣ ደንበኛ ፊት የምትሠራ ሴት «ምስጉን» የምትለብስ ብቻ ትሆናለች፤ ሌላዋ ወደ መጋዘን ትዛወራለች።

ልብስ ሰፊዋ የምትለብሰው «ይቅር የምትባል» ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ደንበኛ ፊት፣ ከመስኮቱ ሥር ሰፍታለች። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ ዓይኗ ደግሞ በብርሃንም ቢሆን ተለምኖ ነው የሚያየው።

«ጋሼ፣ እኔ ወደ መጋዘን ነኝ ማለት ነው?»

«ከቅዳሜው የስያሜ ምረቃ በኋላ። አንቺማ እህታችን ነሽ፤ ይቅር ተብለሻል። እዚያ ሆነሽ ግን።»

«ምን አጥፍቼ?»

«እሱን ኮሚቴው ያውቃል።»

ሻጯ ጠጋ ብላ፣ «አይዞሽ፣ እኔም ለጊዜው ነው ምስጉን። ተስፈኛ ለመሆን ሁለት ዳቦ ነው የቀረኝ፣ እከተልሻለሁ» አለቻት።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ የምረቃ ኮታቸውን ይዘው መጡ። «አዝራሩ እምቢ አለኝ። እጥበት ነው መሰለኝ ያጠበበው።»

«እጥበት ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ጀርባውንም አራት ጣት አሰፋችው። ከዚያ አንቀጽ አንድን ደግማ አነበበች። «ማናቸውም» ይላል። «ያለ አንዳች ልዩነት» ይላል። ደንብ የምትጥስ ሴት አይደለችም።

ቅዳሜ ራሷ ከኋላ ይዛ አለበሰቻቸው። አዳራሹ በደንበኛ ጢም ብሎ ሙቀቱ አያድርስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸው መሐል ኮታቸውን አውልቀው፣ ገበሩ ወደ ሕዝቡ እንደዞረ፣ ወንበራቸው ላይ ሰቀሉት።

«ስያሜ» አሉ፣ «የለባሹን ማንነት ይገልጣል።»

ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ። «ይቅር የምትባል።» ወደ ጎረቤታቸውም ዞር ብለው፣ «ማናት እሷ?» አሉ።

ሰኞ የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር አልተነሣም። መጋዘን የገቡት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ የተጣለውን የቁጥር መለያ ካርቶን ሲፈልጉ ዋሉ።