የእትዬ መይሙና ማድ ቤት

መራጭ የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ሰው ዕቃ ይገዛል፤ መራጭ ግን ዕቃውን ይገለብጣል፣ ያሸታል፣ በጣቱ ያንኳኳል፣ ነጋዴውን ዘር ማንዘሩን ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ትቶት ይሄዳል። ነጋዴው እፎይ ሲል ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ሰው በእናንተም ሰፈር እንዳለ አውቃለሁ። የእናንተው መራጭ ግን ከእኔዋ እትዬ መይሙና ጋር አንድ ገበያ ቢውል ኖሮ፣ ሽንኩርት መምረጥ እንኳን እርግፍ አድርጎ ይተው ነበር።

ክብርት እትዬ መይሙና ኮቦ ላይ አከራዬ ነበሩ። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ለሥራ አሰብ ወርደው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እኔ ከመንገድ ዳር ያለችውን ክፍላቸውን ተከራይቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ሴትዮዋ በዚህ ዓለም ላይ ለሚያጋጥማቸው ነገር ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፤ «አላማረኝም!» የጤና ጣቢያው ሰው የሰጣቸውን ክኒን ቀለሙን አይተው «አላማረኝም» ብለው መልሰውለታል። እኔ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ ደጋግመው አስፈቱኝ፤ በስተመጨረሻ መላ ሲጠፋኝ የመጀመሪያውን ስፌት መልሼ ሰፍቼ ሰጠኋቸው። «ድሮም እንዲህ ብትሰፋው ምን ነበረበት?» ብለው ለበሱት።

በስልሳ አምስት ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለዘመድ ሠርግ ደሴ ሄደው የአንድ ሀብታም ማድ ቤት አይተው መጡ። ምድጃው፣ የዕቃ መደርደሪያው፣ የእንስራ ማስቀመጫው፣ የእህል ጎታው ሳይቀር ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው አሉ። የቤቱ እመቤት ከበርጩማዋ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ሁሉን ትደርስበታለች። እትዬ መይሙና ከአውቶቡስ ወርደው ጓዛቸውን መሬት ሳያስነኩ፣ «እንደዚያ ያለ ማድ ቤት አሠራለሁ፤ ግን ከዚያ በረከሰ ዋጋ!» ብለው አወጁ።

«ሰፊው! ሜትርህን ይዘህ ና!»

ከዋጃ እስከ ጎብዬ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ያልገባሁበት ማድ ቤት የለም። እሳቸው ከፊት ይገባሉ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ ምድጃሽን ላይ ነው» ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ጥላሸት ውስጥ ተንበርክኬ እለካለሁ። ዋጃ ላይ የድንጋይ ማድ ቤት አየን። አላማራቸውም፤ ድንጋይ ብርድ ይዞ ያድራል። ጎብዬ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ አየን። እሱም አላማራቸውም፤ ዝናብ ሲጥል ሐሜት አያሰማም። ሮቢት ላይ ደግሞ አንድ ምስኪን አናጢ በር ያለው የእንጨት መደርደሪያ ሊሠራላቸው ዋጋ ጠራ። «በሩ ይቅርና ስንት ነው?» አሉት። ነገራቸው። «እሺ፣ ታችኛው መደርደሪያ ይቅርና?» አሉት። እንዲህ ሲያስቀንሱት፣ ሲያስቀንሱት የቀረው ምስማሩ ብቻ ሆነ፤ እሱንም ተወደደ ብለውት ወጡ።

በዚህ መሃል ዝናቡ ቀረ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም የውሸት ሆነ፣ የራያ ሜዳ ላይ ማሽላው ክንድ ሳያክል ደረቀ። ከብቱ አለቀ። ከዚያ ሰው መንገድ ላይ መታየት ጀመረ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቤተሰብ፣ ኋላ ግን አውራ ጎዳናው ግራና ቀኙ ሰው ብቻ ሆነ። አውቶቡሶቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ በመሃል ያልፋሉ። ራዲዮኑ ስለ ሌላ ሌላ ነገር ያወራል። እኔም የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ተቀመጥኩ፤ ሰው ልብሱን አውጥቶ ይሸጣል እንጂ ማን ያሰፋል?

እትዬ መይሙና ግን ስለ ማድ ቤታቸው ማውራት አላቆሙም። ከተማው አማቸው። ሀገር እያለቀ እሳቸው ምድጃ ያማርጣሉ ተባለ። በተለይ እህል ነጋዴው አብዱሰመድ ነገሩ አንገበገበው፤ ሟቹ ባላቸው በደጉ ዘመን የሞሉት የማሽላ ጉድጓድ በእትዬ መይሙና ጓሮ እንዳለ ያውቃልና።

«እትዬ መይሙና፣ ያን ማሽላ ይሽጡልኝ እንጂ። እንዲህ ያለ ዋጋ ከእንግዲህ አያገኙም።»

«ዋጋህ አላማረኝም።»

ጨመረ። አላማራቸውም። በማግስቱ መጥቶ ደግሞ ጨመረ። እትዬ መይሙና ይዞት የመጣውን ባዶ ከረጢት አስዘረጉት፣ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፣ አሸተቱት። «ዋጋው እንኳን ይሁን፤ ከረጢትህ አላማረኝም» አሉት።

ሞላ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የሮቢት ገበሬ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጉንጩ የገባ፣ ሚስቱን ደመቀችንና ሁለት ልጆቹን አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ። ያየሁትን እናገራለሁ፤ እትዬ መይሙና ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ወጡ፣ ደመቀች እጇን ልትዘረጋ ስትል ሞላ በዓይኑ ገሠጻት።

«እግዜር ይስጥልኝ እመት። እኛ ለማኝ አይደለንም። እስካሁን በጄ ያፈራሁትን ነው የበላሁት። ሥራ ካለ እሠራለሁ፤ ከሌለ ደግሞ መንገዴን እሄዳለሁ።»

ትንሹ ልጁ ሰፌዱን እያየ ነበር። እትዬ መይሙና ሰፌዱን ወደ ኋላቸው ሸሸጉና ጮኹበት።

«ማን ለማኝ አለህ? ወላሂ ሳትሠራ አንዲት ፍሬ አትቀምሳትም! ደቦ ጠርቻለሁ፣ ማድ ቤቴ ሊሠራ ነው! ለመሆኑ ጭቃ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እናያለን!»

ደቦ ላይ የሚበላ ሰው የማንም ለማኝ አይደለም። እንዲያውም የሚታማው ያላበላው ባለቤት ነው። ሞላ ይህን ሰምቶ ትከሻው ቀና ሲል አየሁት። በዚያው ቀን ሌሎችም ተጠሩ፤ ከሮቢትም ከዋጃም የመጡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሁሉም ከነቤተሰባቸው። የድሮው ማድ ቤት ፈረሰ፣ አዲሱ ተጀመረ። ረቡዕና ዓርብ ለክርስቲያኖቹ የጾም ይሠራ የሚል ክርክር እንኳን አልተነሳም። ቅቤ የሚባል ነገር ከሀገር ጠፍቶ ለሁሉም ሁልጊዜ ጾም ነበርና።

ግድግዳው አለቀ። የሚያምር ግድግዳ ነበር። እትዬ መይሙና ዞሩት፣ በጣታቸው አንኳኩት።

«አላማረኝም። ምድጃው ወደ መንገዱ ያያል፤ አላፊ አግዳሚው ወጤን ሊቆጥርብኝ ነው? አፍርሱት!»

ፈረሰ። ያው ጭቃ ደግሞ በውሃ ራሰ፣ ተረገጠ፣ ተሠራ። «መደርደሪያው ከፍ አለ፤ እኔ የስልክ እንጨት ነኝ?» ፈረሰ። «አሁን ደግሞ ዝቅ አለ፤ ዶሮ ልታሰፍሩበት ነው?» ፈረሰ። ሞላ መጀመሪያ ላይ ይከራከራቸው ነበር፤ «በማርያም እመት፣ ይህ ግድግዳ ምን አጠፋ?» እያለ። በኋላ በኋላ ግን፣ ግድግዳው ሲያልቅ፣ እሳቸው ገና ሊያዩት ሲመጡ እሱ ዶማውን ይዞ ይጠብቃቸው ጀመር። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ተግባቡ።

እኔንማ አትጠይቁኝ። ማድ ቤት የሚባል ነገር ስላልቆመ የሚቀቀለው እኔ በር ላይ ነው፤ በጭሱ ዓይኔ ጠፋ። ላጉረመርም ስል «ሰፊው! ሜትርህን!» ይላሉ። ለክቼ ሳበቃ ከደቦው እኩል እበላለሁ። አንድ ቀን ንፍሮዬን እያኘክሁ ሳለ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዋጃ እስከ ጎብዬ፣ ከመጀመሪያው ምድጃ እስከ መጨረሻው፣ የለካሁት ስንት እንደሆነ አንድ ጊዜም ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም እኮ የሚሰፋ ልብስ አጥቼ ነበር። ሴትዮዋ ለሞላ ዶማ፣ ለእኔ ሜትር አስይዘው ነው ለካ ለማኝ ሳያሰኙ የሚያበሉን። በዚያች ሰዓት ወደድኳቸው፤ ከዚያ በፊትም ሳልወዳቸው አልቀረሁም።

የጉድጓዱ ማሽላ ያለቀው ሰኔ ላይ ነው። እትዬ መይሙና ወደ ጓሮ ሄደው፣ ቆይተው፣ እጃቸውን እያራገፉ ተመለሱ። ግድግዳው ገና አልደረቀም፤ መደርደሪያው ተንጋዷል፤ ካሠሩት ሁሉ የከፋው ያ ነበር።

«አምሮኛል» አሉ።

ደመቀች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጣለ፣ የተረፈው ወደየማሳው ሄደ። ሁሉም አልተረፈም፤ ከዚያ ደቦ ውስጥ በመጋኛና በተቅማጥ ያጣናቸው አሉ። የሞላ ትንሹ ልጅ አንዱ ነው። እትዬ መይሙና ያን ጠማማ ማድ ቤት ይዘው ቀሩ፤ የሚያበስሉበት ነገር ግን አልነበራቸውም። ሰውነታቸው ከሳ። እኔ ሥራ ሳገኝ ገዝቼ የማመጣላቸውን ዱቄት «አላማረኝም» እያሉ ይመልሱልኛል።

ኅዳር ስልሳ ሰባት፣ ከመኸር በኋላ፣ ሞላ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ የደቦው ሰዎች ሁሉ አሉ፤ ዶማ፣ ጭድ፣ በአህያ የተጫነ ማሽላ። እትዬ መይሙና ጭነቱን አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው ይሄ? እኔ ለማኝ ነኝ?»

«ማን ለማኝ አለዎት?» አለ ሞላ። «ደቦ መጥተናል። ያ ማድ ቤት አላማረንም። ደቦ ደግሞ ስንቅ ያስፈልገዋል፤ ስንቃችንን ይዘን መጣን። የእርስዎ ሥራ መምረጥ ነው።»

እትዬ መይሙና ከበሩ ገለል ብለው አሳለፏቸው። እንዲያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። ጠማማው ፈረሰ፤ በአዲስ ጭድ፣ በደንብ በረገጡት ጭቃ፣ ከደሴው ይነስ ይብለጥ የማላውቀው ማድ ቤት ቆመ። ምድጃው፣ መደርደሪያው፣ የእንስራው ቦታ፣ ጎታው ሁሉ ከግድግዳው ጋር ሆነ። ደመቀች ጎታውን በማሽላ ሞልታ ክዳኑን ጭና እንዳላየች ዞር አለች።

«ሰፊው! ሜትርህን!»

ከምድጃው እስከ መደርደሪያው ለካሁ። ልነሳ ስል «ስንት ሆነ?» አሉኝ። ደንግጬ ነገርኳቸው። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉንም ደረሱበት። ከዚያ ተነስተው ዞሩት፣ በጣታቸው አንኳኩት። ሞላ ዶማውን አነሳ።

«አላማረኝም» አሉ፤ እንባቸው ግን በጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር።

«እሺ እመት» አለ ሞላ፣ «ለከርሞ ከመኸር በኋላ መጥተን እናፈርሰዋለን።»

«ለከርሞ ስንቁን የምችለው እኔ ነኝ!»

«የለም፣ እኛ ነን።»

«ወላሂ እኔ ነኝ!»

ክርክሩ ንፍሮው እስኪበስል አላለቀም። እኔም ሜትሬን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ለከርሞ።